«ጤናህ ተሻሽሏል» ሲሉ ከመቼ ጋር አወዳድረው ነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ወንድምሽ በወገብ ሕመምና በድብርት ዲሴቢሊቲ (የአሜሪካ መንግሥት በሕመም ምክንያት መሥራት ላልቻለ ሰው የሚሰጠውን ክፍያ) መቀበል ከጀመረ አራት ዓመት ሆኖታል። የሪቪው፣ ማለትም «አሁንም ብቁ ነህ ወይ?» ተብሎ በየጊዜው የሚደረገው ማጣሪያ ፎርም መጣ፣ ሞላችሁ፣ ላካችሁ። አሁን ደግሞ ክፍያውን ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ከሶሻል ሴኩሪቲ፣ «ጤናህ ስለተሻሻለ ከእንግዲህ ብቁ አይደለህም» የሚል ደብዳቤ ደረሳችሁ። አንቺም «ካልሲውን እንኳ የማጠልቅለት እኔ ነኝ፤ እንዴት ተሻለው ይባላል? እንደ አዲስ ብናመለክትስ?» ብለሻል።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ይሄው ደብዳቤ ግን እኔም ቤት መጥቶ ያውቃል። ከደረሰብኝ ተነስቼ ልንገርሽ።

መጀመሪያ ደብዳቤውን አንሺና የተጻፈበትን ቀን እዪ። ሌላው ሁሉ ይደርሳል። ይግባኝ ለማለት ያላችሁ ጊዜ 60 ቀን ነው። ደብዳቤው ከተጻፈ በ5 ቀን ውስጥ እንደደረሳችሁ ይቆጠራል። ይሄንን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የሚያልፈው ሌላ አጭር ቀን አለ። ይግባኙ እስኪታይ ክፍያው እንዳይቋረጥ ከፈለጋችሁ በ10 ቀን ውስጥ መጠየቅ አለባችሁ። ለምሳሌ ደብዳቤው ማርች 3 ከተጻፈ፣ ማርች 8 እንደደረሳችሁ ይታሰባል። ክፍያው ይቀጥል ለማለት እስከ ማርች 18፣ ለይግባኙ እስከ ሜይ 7 ድረስ ጊዜ አላችሁ ማለት ነው። ይግባኝ ማለት ብቻውን ቼኩን አያስቀጥልም። «ይቀጥልልኝ» ብሎ ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። አሥሩ ቀን ካለፈም ዝም አትበሉ። ለምን እንደዘገያችሁ በጽሑፍ አስረዱና ጠይቁ፤ በቂ ምክንያት ካለ ይታያል።

እዚህ ላይ ሰው የሚፈራው አንድ ነገር አለ። በመጨረሻ ከተሸነፋችሁ፣ በመሃል የተቀበላችሁት ገንዘብ «ትርፍ ክፍያ» ተብሎ መልሱ ልትባሉ ትችላላችሁ። እውነት ነው። ግን ይግባኙን የጠየቃችሁት በቅን ልቦና ከሆነና መክፈል የማትችሉ ከሆነ፣ ዕዳው እንዲሰረዝ የሚጠየቅበት ፎርም አለ። ባለቤቴና እኔ አንድ ሌሊት ሙሉ ስንከራከር አደርን። እሷ «ዕዳ አልወድም» አለች። እኔ «የቤት ኪራይስ?» አልኩ። ጠየቅን። አልተጸጸትኩም። ወንድምሽ ሜዲኬር (የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ካለው እሱም አብሮ ይቀጥላል፤ ሕክምናው በዚህ ሰዓት ከተቋረጠ ማስረጃውም አብሮ እንደሚደርቅ አትርሺ።

ባትጠይቁ ደግሞ፣ ደብዳቤው አካል ጉዳቱ አበቃ የሚልበት ወርና ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ወራት ይከፈላሉ። ከዚያ ያበቃል።

አሁን ወደ «ተሻሽሏል» እንምጣ።

እኔም ሳነበው ደሜ ነው የፈላው። ውሸታም የተባልኩ መሰለኝ። ደብዳቤውን ለሦስት ቀን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት (ይሄን እንዳታደርጊ፣ ከአሥሩ ቀን ሦስቱን በላሁት)። በኋላ ነው ቃሉ እኛ በቤታችን የምንለው «ተሻለው» እንዳልሆነ የገባኝ። ሪቪው የሚያደርገው ሰው ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ያስቀምጣል ብለሽ አስቢ። አንደኛው የድሮው ነው፤ ወንድምሽ ብቁ ነው ወይም አሁንም ብቁ ነው ተብሎ ለመጨረሻ ጊዜ የተወሰነበት ቀን። ሁለተኛው የአሁኑ ነው። ጥያቄው «ታሟል ወይ?» አይደለም። «በዚያን ቀን የነበሩት ሕመሞች ዛሬ ቀለል ብለዋል ወይ?» ነው። የሚታየው በሕመም ስሜቱ፣ ሐኪም በምርመራ ባያቸው ምልክቶችና በላቦራቶሪና በምስል ውጤቶች ነው።

ይሄ ሕግ ዝም ብሎ አልመጣም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሪቪው ክፍያቸው ተቋርጦ፣ አገር ምድሩ ሲጮህ፣ ኮንግረስ በ1984 ሕግ አወጣ። ከዚያ ወዲህ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ መሻሻሉ በማስረጃ ካልታየ ክፍያ አይቋረጥም። እንዲያውም የድሮው ፋይል ጠፍቶ መልሶ ማሰባሰብ ካልተቻለ፣ የሚወዳደርበት ነገር ስለሌለ፣ «ተሻሽሏል» ማለት አይቻልም።

መሻሻል ቢኖር እንኳ ነገሩ እዚያ አያበቃም። መሻሻሉ ሥራ የመሥራት አቅሙን የሚነካ መሆን አለበት። ከዚያ ደግሞ ዛሬ ያሉበት ሕመሞች ሁሉ ተደምረው፣ በኋላ የመጡትም ጭምር፣ ሥራ መሥራት ይችላል ወይ ተብሎ ይታያል። ወገቡ ትንሽ ቀሎት በመሃል ስኳር ከመጣበት፣ ስኳሩ የሚቆጠረው እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤው እነዚህን ነገሮች ባንድ አንቀጽ ቀላቅሎ ነው የሚጽፈው። እርሳስ ይዘሽ ለያያቸው፤ የማወዳደሪያው ቀን የቱ ነው? ምኑ ተሻሻለ ይላል? ምን ዓይነት ሥራ መሥራት ይችላል ይላል? የትኞቹን ሐኪሞች ሪፖርት አይተናል ይላል? ከዝርዝሩ ውስጥ የቀረ ሐኪም ካለ ግማሹን መልስ አገኘሽ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አረጋግጪ። ምክንያቱ «ፎርም አልመለስክም» ወይም «ቀጠሮ ቀረህ» ከሆነ፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔ የማወራው ስለ መሻሻል ነው።

የኔን ልንገርሽ። የፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ስሠራ ወድቄ ወገቤን ተጎዳሁ። ኦፕራሲዮን ሆንኩ፣ ተፈቀደልኝ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሪቪው መጣ። መሻሻል ይጠበቃል ለተባለ ሰው ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ፣ ሊሻሻል ይችላል ለተባለ በየሦስት ዓመቱ ገደማ ነው የሚመጣው፤ የኔ ሁለተኛው ነበር። ተቋረጠ። ፋይሌን ጠይቄ አወጣሁ፤ መብት ነው፣ አንቺም ጠይቂ። ገጽ ስገልጥ ምን አየሁ መሰለሽ? ሐኪሜ ጋ በሄድኩ ቁጥር ከላይ የተጻፈው አንድ ዓይነት ነው፤ «ታካሚው ደህና ነኝ ይላል»፣ «ታካሚው ደህና ነኝ ይላል»።

አልዋሸም። ብዬዋለሁ! «እንዴት ነህ?» ሲለኝ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሴ። እኛ ሰዎች አልጋ ላይ ተኝተን፣ ጉሉኮስ ተሰክቶብን፣ «ይመስገነው» እንላለን። ሰላምታ ነው። መዝገቡ ላይ ሲሰፍር ግን የሕመም መግለጫ ሆነ። በኔ ላይ የመሰከርኩት እኔው ራሴ ነኝ።

ፎርሙም ላይ ያው ነው። ቀኑን እንዴት እንደምታሳልፍ ጻፍ ይላል። «እሁድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ባለቤቴ እንደምትነዳ አልጻፍኩም። ቅዳሴውን ከታች አዳራሹ ወንበር ላይ ሆኜ በድምፅ ማጉያ እንደምሰማ አልጻፍኩም። ሰኞን ሙሉ እንደምተኛም አልጻፍኩም። ያነበበው ሰው ሦስት ሰዓት ቆሜ የማስቀድስ ቢመስለው አይፈረድበትም። አፍሬ ነው። ወንድ ልጅ ጫማ ማሰር አቃተኝ ብሎ ለመጻፍ ያፍራል። ወንድምሽም ይሄንኑ አድርጎ እንደሆነ የላካችሁትን ፎርም ቅጂ እዪ።

ከዚያ የድሮውንና የአዲሱን ማስረጃ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁ። የድሮው ኤምአርአይና የአዲሱ ኤምአርአይ ንባብ አንድ ነው ማለት ይቻላል። እግር ማንሳት ምርመራው ያው። የመድኃኒቱ መጠን እንዲያውም ጨምሯል። የተሻሻለው «ደህና» የሚለው ቃል ብቻ ነበር። ይሄንን በአንድ ገጽ፣ በግራ የድሮው፣ በቀኝ የአሁኑ አድርጌ ጻፍኩ። ከላክሁት ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ይመስለኛል።

ሐኪሙንም አነጋገርኩት። «ሥራ መሥራት አይችልም» የሚል ደብዳቤ ሊሰጠኝ ነበር። እሱ ብዙም አይረዳም፤ ያንን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። የሚረዳው ቁጥር ነው። ሳይነሳ ስንት ደቂቃ መቀመጥ ይችላል? ስንት ደቂቃ መቆም? ስንት ፓውንድ ማንሳት? በወር ስንት ቀን ከሥራ ይቀራል? ከስር ደግሞ በየትኛው ምርመራ ላይ ተመሥርቶ እንዳለው። ለድብርቱም እንደዚያው። ትኩረቱ ስንት ደቂቃ ይቆያል፣ ከሰው ጋር መሆን ይችላል ወይ፣ ለውጥ ሲመጣ ምን ይሆናል። ከቴራፒ የጠፋባቸው ወራት ካሉ ምክንያቱ ይጻፍ። ኢንሹራንስ ተቋርጦ ነው? ከአልጋ መነሳት አቅቶት ነው? ካልተነገረ «ሕክምና አላስፈለገውም» ተብሎ ይነበባል።

እንደ አዲስ ማመልከት ላልሽው፣ በኔ አስተያየት አይሆንም። እንደ አዲስ ስታመለክቱ ያ የድሮ ፎቶ ከጨዋታ ይወጣል። ከዜሮ ጀምራችሁ ሁሉንም ታስረዳላችሁ። በይግባኙ ግን «ምን ተለወጠ?» ብላችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ይሄንን በነፃ አትስጡ።

የመጀመሪያው ይግባኝ ሪኮንሲደሬሽን (ውሳኔውን እንደገና ማየት) ይባላል። አዲስ አመልካች ሲከለከል በወረቀት ብቻ ነው የሚታየው። ክፍያ ለተቋረጠበት ሰው ግን ቀድሞ ውሳኔውን ያልሰጠ ሌላ ሰው ፊት ቀርቦ የመናገር ዕድል አለ። ቅረቡ። ወረቀት ካልሲ ማጥለቅ ያቃተውን ሰው አያሳይም። አንቺም እንደ ምስክር ሂጂ። እዚያ ከተሸነፋችሁ ቀጣዩ ዳኛ ፊት መቅረብ ነው፤ ያኔም ክፍያው ይቀጥል ብላችሁ እንደገና በ10 ቀን ውስጥ መጠየቅ እንዳለባችሁ ብዙ ሰው ይረሳል።

አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባሉ። ጠይቁ። እኔ እንግሊዝኛ አያቅተኝም፣ ጋራዥ ውስጥ አሥር ዓመት የተነጋገርኩበት ነው። ግን በእንግሊዝኛ «ያመኛል» ከማለት ሌላ ቃል የለኝም። በአማርኛ ይወጋኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ እግሬን ያደነዝዘኛል፣ ሌሊት ይቆረጥመኛል እላለሁ። ቃላቱ ልዩነት አላቸው። አስተርጓሚዋ አንድ በአንድ ስታስተላልፍ ሰውየው ሲጽፍ አየሁ።

በነገራችን ላይ፣ «እንግሊዝኛ አልችልም በል፣ ይረዳሃል» የሚል ሰው አሁንም አይጠፋም። ያ ነጥብ ከ2020 ጀምሮ ከሕጉ ወጥቷል። ዕድሜ ግን ይቆጠራል፤ ወንድምሽ 50 ወይም 55 ካለፈ ተናገሩ፣ «ሌላ ቀላል ሥራ ይሠራል» የሚለውን ክርክር ይለውጠዋል።

ስለ ጠበቃ ደግሞ አትደንግጪ። ሁለት ቢሮ ደውዬ አንያዝም አሉኝ። ለካ ክፍያቸው የሚወጣው ከተጠራቀመ ውዝፍ ገንዘብ ላይ ነው። ቼኩ ካልተቋረጠ ውዝፍ የለም። ስለዚህ እንቢ ማለታቸው ኬዙ ደካማ ነው ማለት አይደለም። በየከተማው ያሉ የነፃ ሕግ ድጋፍ ቢሮዎችን ሞክሪ፤ እኔን የረዱኝ እነሱ ናቸው። ከአምስት ወር በኋላ «ይቀጥላል» የሚል አንድ ገጽ ደብዳቤ መጣ።

አሁን የማወዳደሪያውን ቀንና «ተሻሽሏል» የሚለውን አንቀጽ ብቻ እዚህ ጻፊልኝ። ስሙንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩን እንዳትለጥፊ። ማታ ከሥራ ስትመጪ አብረን እናነበዋለን። እስከዚያ ግን ያንን የአሥር ቀን ፎርም ዛሬውኑ አስገቡ፤ የተቀበሉበትን ማረጋገጫም ያዙ።