ሜዳልያዎቹ አልጠፉም፤ እርስዎ ቀድመው ወጡ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ባለፈው ጊዜ የአሜሪካን ጦር ልብስ ለብሰሽ የወታደር ፋይል ስትጽፊ እንደኖርሽ አንብቤ ነው ዛሬ የደፈርኩት። እኔ በመተማ አድርጌ ሱዳን፣ ከሱዳን አሜሪካ የገባሁ ሰው ነኝ። በሰኔ 79 ምድር ጦሩን ተቀላቀልኩ፤ ስድስት ዓመቴን ሞልቼ በሰኔ 85 በክብር ተሰናበትኩ። መጀመሪያ ጀርመን ነበርኩ። ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት 83 ሳዑዲና ኢራቅ በረሃ። ከጥር 84 ጀምሮ ደግሞ አንድ ዓመት ሙሉ ኮሪያ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ማራኪ ቤት ሠርቼ ተቀምጫለሁ።

የአድዋ በዓል ዕለት የሰፈራችን ሽማግሌዎች የአባት የአያታቸውን ኒሻን ደርድረው ሲወጡ፣ እኔም ኮቴን ከሻንጣ አውጥቼ ያሉኝን አንጠለጠልኩ። ሦስት ናቸው። አንዱ ጎረቤቴ ጠጋ ብሎ አየኝና «ይቺ አሜሪካ እንዲህ ንፉግ ናት እንዴ?» አለኝ። ሳቅን። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አብረውኝ የነበሩ ልጆች የኩዌት ሜዳልያ አላቸው፣ የኮሪያም አላቸው። የእኔ የስንብት ወረቀት ላይ የሉም። ለአንድ የድሮ ጓደኛዬ ብደውል «ፋይልህ በእሳት ተቃጥሏል፣ አትልፋ» አለኝ። አሜሪካ እያለሁም አንድ ቢሮ ሄጄ «ጊዜው አልፏል» ብለው መልሰውኝ ነበር። ከጎንደር ሆኜ ይህን ማስተካከል ይቻላል?

ከማራኪ፣ ጎንደር

መልስ

ጋሼ፣ በቅድሚያ እሳቱን እናጥፋው። እሳቱ ተነሥቶ ነበር፤ ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 1973 ሚዙሪ ውስጥ ሴንት ሉዊስ ያለው የወታደሮች ማኅደር ማዕከል ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ፋይል ወድሟል። ከምድር ጦሩ የጠፋው ግን ከ1912 መጨረሻ እስከ 1960 መጀመሪያ የተሰናበቱት ሰዎች ፋይል ነው፤ ከአሥሩ ስምንቱ ያህል። እርስዎ የወጡት በሰኔ 85፣ በእነሱ አቆጣጠር በ1993 ነው። እሳቱ ከጠፋ ሃያ ዓመት በኋላ! ጓደኛዎ ክፋት የለበትም፣ የሰማውን ነው የነገረዎት። ይህ የእሳት ወሬ እኮ የቀድሞ ወታደሮች በተሰበሰቡበት ሁሉ እንደ ቡና ይዞራል።

«ጊዜው አልፏል» ያሉዎትም ግማሽ እውነት ይዘው ነው። የሦስት ዓመት ገደብ የሚባል ነገር አለ። እሱ ግን የወታደር መዝገብ ለሚያርመው ቦርድ አቤቱታ ሲቀርብ የሚመጣ ነው። የሚቆጠረውም ስህተቱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ቦርዱ ለፍትሕ ሲል ሊያልፈውም ይችላል። «ፋይሌን አምጡልኝ፣ ሽልማቶቼን ፈትሹልኝ» ለማለት ግን ገደብ የለም። ዛሬም ይቻላል።

አሁን የስንብት ወረቀትዎን፣ ዲዲ 214ን፣ ያውጡና 13ኛውን ሳጥን ይዩ። ሜዳልያና ሪባን የሚጻፈው እዚያ ነው።

እኔ ያን ሳጥን ስንትና ስንት ጊዜ ሞልቻለሁ። እንዴት እንደሚሞላ ልንገርዎ። ተሰናባቹ ሻንጣውን በር ላይ አስቀምጦ ይቆማል። አርብ ከሰዓት ነው። ሰዓቱን ያያል፣ እኔን ያያል። ፋይሉን አገላብጬ ያገኘሁትን ትእዛዝ እጽፋለሁ። ያላገኘሁት ትእዛዝ ማን ጠረጴዛ ላይ እንደተኛ እኔ ምን አውቄ? «አይተኸዋል? ትክክል ነው? እዚህ ጋ ፈርም» እለዋለሁ። ይፈርማል። ሳጥኑ ውስጥ ሦስት ይሁን ዘጠኝ አይቆጥርም፤ ልቡ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሷል። ስንቱን እንዲህ አድርጌ እንደሸኘሁ እግዜር ይወቀው። ይቅርታ የምጠይቀው ሰው ብዙ ነው።

የእርስዎ ጉዳይ ግን ከጸሐፊዋም ጥፋት ይለያል። አብዛኞቹ ሜዳልያዎች እርስዎ ሲወጡ ገና አልነበሩም።

የኮሪያውን እንይ። የኮሪያ መከላከያ አገልግሎት ሜዳልያ የሚባለው በሕግ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ነው። እርስዎ ከተሰናበቱ ዘጠኝ ዓመት አልፎ! ግን ወደኋላ ሄዶ ይሠራል፤ ከጁላይ 28 ቀን 1954 ወዲህ ኮሪያ ውስጥ 30 ተከታታይ ቀን ያገለገለ ሁሉ ይገባዋል። እርስዎ ዓመት ነው የቆዩት።

የኩዌት ነጻነት ሜዳልያ ደግሞ ሁለት ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታበታል። አንዱን የሰጠው የሳዑዲ መንግሥት ነው፣ ሌላውን የኩዌት መንግሥት። የሳዑዲው በ1992 መጀመሪያ ላይ ተፈቀደ፤ እርስዎ ያኔ በሥራ ላይ ስለነበሩ መግባት ነበረበት። እሱን የዘለለው እንደኔ ያለ ሰው ነው። የኩዌቱ የተፈቀደው ግን በ1995 ነው። እንዲያውም የሳዑዲው የሚሸፍነው ጦርነቱ የተካሄደበትን፣ ከጃንዋሪ 17 እስከ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1991 ያለውን ጊዜ ነው። በእኛ ከጥር 9 እስከ የካቲት 21 ቀን 83 ማለት ነው። ለአድዋ በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው አለቀ፤ ይህን ለጎረቤትዎ ይንገሩልኝ።

ሌላም አለ። ካሉዎት ሦስቱ አንዱ የደቡብ ምዕራብ እስያ አገልግሎት ሜዳልያ ይመስለኛል። ሪባኑ ላይ ትንንሽ የነሐስ ኮከቦች አሉ። ይቁጠሯቸው። አንድ ኮከብ ለአንድ ዘመቻ ነው፤ ዘመቻዎቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በጃንዋሪ 16 ያበቃል፣ ሁለተኛው በኤፕሪል 11፣ ሦስተኛው በማግስቱ ይጀምራል። በታኅሣሥ ገብተው በግንቦት ከወጡ ሦስቱንም ረግጠዋል። ወረቀቱ ላይ ሁለት ኮከብ ተጽፎ ከሆነ አንድ ይቀርዎታል።

የመልካም ጠባይ ሜዳልያም በሦስት ዓመት አንዴ ነው የሚሰጠው። ስድስት ዓመት ካገለገሉ ሁለት ጊዜ ይገባዎታል። ሁለተኛ ሜዳልያ አይጨመርም፣ ባለሁለት ቋጠሮ የነሐስ ማያያዣ ሪባኑ ላይ ይደረጋል። ይህኛው ግን እንደ ኮሪያው በቀን ቆጠራ ብቻ አይገኝም፤ አዛዥ ያጸድቀው ነበር። ይጠይቁ፣ ግን እንደ ሌሎቹ እርግጠኛ አይሁኑ።

አሁን ወደ ማመልከቻው። ቅጹ ኤስኤፍ 180 ይባላል። የሚላከው እዚያው ሴንት ሉዊስ ነው። ገንዘብ አይጠየቅበትም። በኢንተርኔትም ይቻላል፤ የማንነት ማረጋገጫው ግን ከዚህ ሆኖ አድካሚ ነው፣ ኔትም ሲኖር ነው። ወረቀቱን አትመው፣ በእጅ ሞልተው፣ ፒያሳ ፖስታ ቤት ወስደው በአደራ ይላኩ። ኮፒ እንጂ ዋናውን 214 እንዳይልኩ!

ከቅጹ ይልቅ የምፈራልዎት ዘመን አቆጣጠሩን ነው። ደብዳቤዎ ላይ ሁሉም ቀን በእኛ አቆጣጠር ነው። ለእኔ ሲጽፉ ደስ ይላል፣ ለሴንት ሉዊስ ግን አይሆንም። «ታኅሣሥ 83» የሚለው ዲሴምበር 1990 ነው ወይስ ጃንዋሪ 1991? እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 1990 ነው፤ ከ23 ጀምሮ 1991 ይሆናል። ዝም ብለው በሁሉም ላይ ስምንት ቢደምሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ይሳሳትብዎታል። ስለዚህ ቀን በቀን ይመልሱት፤ ካላስታወሱ ከድሮ ፓስፖርትዎ ወይም ከዝውውር ትእዛዝዎ ይመልከቱ።

ፊርማው ሥር የሚጻፈው ቀን ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ፊርማው ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ ማመልከቻ አይቀበሉም። እኔ ጎንደር ከተመለስኩ በኋላ ለራሴ ፋይል ኤስኤፍ 180 ስሞላ፣ ጠዋት ቀበሌ ውዬ ስለነበር እጄ በልማዱ የእኛን ዓመት ጻፈ። እነሱ ሲያዩት ሰባት ዓመት ያረጀ ፊርማ ነው። ተመለሰልኝ። ስንት ሺህ ቅጽ ያረምኩ ሴትዮ! እናቴ ዛሬም ትስቅብኛለች።

ስም ላይም ይጠንቀቁ። ጦሩ ውስጥ ሲገቡ በተጻፈው አጻጻፍ ይጻፉ፤ አሁን መታወቂያዎ ላይ ባለው አይደለም። የአባትዎን ስም በአንድ «ኤስ» አስገብተው ዛሬ በሁለት ከጻፉ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ልደትዎንም ፋይሉ እንደሚለው ነው። በሱዳን በኩል የሄድነው ብዙዎቻችን ልደታችን ጃንዋሪ 1 ነው አይደል? ውሸት መሆኑን እናትዎ ያውቃሉ፣ ለዚህ ጉዳይ ግን ያው ጃንዋሪ 1 ይሁን። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ እንዳይረሳ።

ጥያቄውን በአጭሩ ይጻፉት። የተሰማራሁበት ቦታና ቀን ይህ ነው፤ የሚገቡኝ ሽልማቶች በሙሉ ተፈትሸው፣ የጎደሉት በዲዲ 215 ተመዝግበው ሜዳልያዎቹ ይላኩልኝ። በቃ። ዲዲ 215 ማለት 214ን የሚያርም ወረቀት ነው። አዲስ 214 አይሰጡዎትም፣ እሱን ከአሮጌው ጋር ነው የሚይዙት። ስለ ጎረቤትዎ ነገር አይጻፉ፤ ጸሐፊዋ ብትስቅም አይጠቅምዎትም። የመልስ አድራሻ ላይ እኛ አገር ፖስታ መጥቶ በር እንደማያንኳኳ አይርሱ። ፖስታ ሣጥን ከሌለዎት አሜሪካ ያለ የልጅዎን ወይም የዘመድ አድራሻ ይስጡ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ። መዝገብ ላይ መስፈር አንድ ነው፣ ብረቱን በእጅ መያዝ ሌላ ነው። የአሜሪካን ሜዳልያዎች ይልኩልዎታል። የሳዑዲውንና የኩዌቱን ግን በነጻ ይመጣል ብለው አይጠብቁ፤ የወታደር ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች አሏቸው፣ ወረቀቱን ከያዙ ገዝቶ ማድረግ ነውር አይደለም።

እምቢ ካሉስ? ያኔ ነው ቦርዱ የሚመጣው። ቅጹ ዲዲ 149 ነው። ማስረጃ ይፈልጋል። የዝውውር ትእዛዝ፣ የዚያን ጊዜ የደመወዝ ወረቀት፣ ከዩኒቱ ጋር የተነሡት ፎቶ፣ አብሮዎት የነበረ ሰው ምስክርነት። ምስክሩ ያየውን ብቻ ይጻፍ። «ጎበዝ ወታደር ነበር» የሚል ደብዳቤ ለሠርግ ነው የሚሆነው። «ከዚህ ወር እስከዚህ ወር ኮሪያ፣ ካምፕ ኬሲ አንድ ክፍል ተኝተናል» የሚል ግን ይሠራል። ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ቦርዱ ጋ ከመሄድዎ በፊት ደግሞ የመጀመሪያውን መንገድ መጨረስ አለብዎት።

ቦታ ሳላጣ ከአዘዞ ለጻፈችልኝ ልጅም ልመልስላት። አያቷ ቃኘው ሻለቃ ሆነው ኮሪያ ዘምተዋል፤ የእሳቸውን ሜዳልያ በዚሁ መንገድ ከሴንት ሉዊስ መጠየቅ ይቻል እንደሆነ ትጠይቃለች። አይቻልም፣ ልጄ። የመጀመሪያው ቃኘው እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ ደርሶ ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ቢዋጋም፣ አያትሽ የኢትዮጵያ ወታደር ነበሩ። ፋይላቸውም የዚህ አገር ነው። አዲስ አበባ አፍንጮ በር፣ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ካለበት ጀምረሽ የዘማቾቹን ማኅበር ጠይቂ። ስትሄጂ ሙሉ ስማቸውን ከነአያታቸው፣ ማዕረጋቸውን፣ ስንተኛው ቃኘው እንደነበሩ ይዘሽ ሂጂ። ይህን የሚያውቅ ሰው ቤት ውስጥ ከሌለ፣ ሳሎን የተሰቀለውን ፎቷቸውን አውርጂና ጀርባውን እዪ። የዚያ ዘመን ሰው ፎቶ ጀርባ ላይ ይጽፍ ነበር።