«ተኳርፈን የተለያየነው ልጄ ግንባር ነው፤ ምን ብዬ ልጻፍለት?»

ከባሕር ዳር አንድ ዓሣ አስጋሪ አባት ጽፈውልናል። «የመጀመሪያ ልጄ ወታደር ነው፤ አሁን ግንባር ነው። ሲሄድ አልወደድኩለትም፤ ተኳርፈን ተለያየን። እናቱ ደውላ ስልኩን ስታቀብለኝ ‹አይዞህ› ብዬ መልሼ እሰጣታለሁ። ለእረፍት የመጣ ጓደኛው ሊመለስ ስለሆነ ደብዳቤ ጻፍኩለት። ከመላኬ በፊት እዩልኝ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም።»

ጋሼ፣ የጻፉለትን ደጋግሜ አነበብኩት። «ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ብለው ጀምረዋል። እሷን አይንኳት። ከዚያ በታች ያለው ግን ከበደኝ። «እናትህ ከሄድክ ወዲህ እህል አልወርድ ብሏታል»፣ «አንድ ነገር ብትሆን እኔም አልኖርም» ይላል። ከፍቅር የመጣ ነው። ግን እሱ ይህን አንብቦ ምን ያድርግ? እዚያ ሆኖ እናቱን ሊያጎርሳት አይችልም። ምንም ማድረግ ባልቻለበት ነገር ጥፋተኛ ነኝ ይላል። ከዚያ ሲደውል «ሰላም ነኝ» ብሎ ይዘጋል፤ እናንተን ላለማስጨነቅ የራሱን ጭንቀት ይውጣል። ሁለቱን መስመሮች ያውጧቸው።

«ሁሉም አማን ነው» ብለውም አይዋሹት። ሐሳቡ እንዳለ፣ ግን ጎረቤቱም ሥራውም እንዳለ ይንገሩት። ከዚያ ቤቱን ይጻፉለት። እምቦጩ ዘንድሮ እስከ የት እንደመጣ፣ የተቀደደውን መረብ ማን እንደጠገነልዎ፣ ቀረሶ ዓሣ ኪሎው ስንት እንደገባ። ተራ ወሬ እንዳይመስልዎ። ጦርነት ውስጥ ያለ ሰው አእምሮው ቀን ከሌት አደጋ ሲጠብቅ ይውላል፤ እንቅልፉ ይቆራረጣል፣ በኮሽታ ይደነግጣል። ስለ መረቡ ሲያነብ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን ትከሻው ይረግባል።

የት እንዳለና ስንት እንደሆኑ አይጠይቁት፤ ደብዳቤ ሰው እጅ ይገባል። ያየውን እንዲነግርዎም አይጫኑት። «ማውራት ስትፈልግ እሰማሃለሁ» ይበቃል።

በጣም ያሳሰበኝ ግን ኩርፊያውን አንድም ቦታ አለማንሳትዎ ነው። እሱ አልረሳውም፤ እርስዎም አልረሱትም። ማን ልክ እንደነበር አሁን አይከራከሩት። «ያን ቀን የተቆጣሁህ ፈርቼ ነው። ቤትህ ቤትህ ነው» ይበሉት፣ በራስዎ አነጋገር። እዚሁ መጀመሪያው ላይ ይጻፉት፤ መጨረሻ ላይ ከሆነ እጅዎ ይከለክልዎታል። አባት ልጁን እንዲህ ማለት ይከብደዋል፤ ብዙ ቤት ሽማግሌ ካልገባ አይወጣም። ለዚህኛው ግን ሽማግሌ አይጠብቁ።

መልስ ቢዘገይ ዛሬም አኩርፏል ብለው አይደምድሙ። መንገዱ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ እሱም ቃል ያጥረዋል። ሌላ ይጻፉ።

ስለ እንቅልፍዎ ደግሞ፣ ማታ ማታ የጦርነት ወሬ ከስልክ ላይ መከታተሉን ይተዉት። የሚነገርዎት ነገር ካለ እዚያ ቀድሞ አይመጣም። እንቅልፍ ማጣቱ ከሳምንታት በላይ ከቀጠለ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ሄደው ያነጋግሯቸው። እህል አልወርድ ያላትን እናቱንም ይዘዋት ይሂዱ።