መሣሪያ በሌለበት ሙዚቃ መማር ይቻላልን?

ጥያቄ፦ የ8ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ዘፈን አጥብቃ ትወዳለች። በትምህርት ቤቷ ግን የክወናና ዕይታዊ ጥበባት ክፍለ ጊዜ ከሰሌዳ ማስታወሻ በመገልበጥ ያልቃል፤ መሣሪያም የለም። በቤት ምን ላድርግላት? (አንዲት እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ማስታወሻ መገልበጥ ብቻውን ሙዚቃን እንደማያስተምር እኛም በጽኑ እናምናለን፤ ይሁን እንጂ የመሣሪያ አለመኖር ትምህርቱን ሊያስቀረው አይገባም፤ የመጀመሪያው መሣሪያ የልጅዎ ድምፅ ነውና። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች (ዜማ የሚሠራባቸው የድምፅ አደራደሮች) እያንዳንዳቸው በ5 ድምፆች የተዋቀሩ ሲሆኑ፣ ባቲና አምባሰል በዚያው በወሎ የሚገኙ ቦታዎች ስም መሆናቸው ለደሴ ልጅ ነገሩን ይበልጥ የቅርብ ያደርገዋል። በትዝታ ትጀምር። «ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ» እያለች ወደ ላይና ወደ ታች ደጋግማ ታዚም፤ ይህ ትዝታ ሜጀር ነው። ከዚያም «ሚ»ን እና «ላ»ን በግማሽ ድምፅ (ማለትም ጩኸቱን ሳይሆን የድምፁን ቅጥነት በትንሹ እርከን) ዝቅ ስታደርጋቸው ዜማው ወደ ትዝታ ማይነር ይለወጣል፤ ልዩነቱንም በገዛ ጆሮዋ ትለየዋለች። አንቺሆዬን ለኋላ ብታቆየው እንመርጣለን፤ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ለጀማሪ ያስቸግራል።

አቅም ሲፈቅድ ክራር ይግዙላት፤ ከ6ቱ አውታሮች 5ቱ የቅኝቱን ድምፆች ሲይዙ ቀሪው አንዱን ድምፅ ይደግማል።

መምህሩንም በአክብሮት ያነጋግሩ፤ ከክፍለ ጊዜው ገሚሱ ለልምምድ እንዲውል በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በኩል ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆነው መጠየቅ ይችላሉ።