ሬሳዋን አይተሃል?

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪ መልእክት ላከችልኝ። «ጋሼ፣ ምልክት ካደረግሁባቸው እባቦች ሁለት ዓመት ያልታዩትን ሞተዋል ብዬ ልመዝግብ?» ሻዬን አስቀመጥኩ። እኔም በልጅነቴ ይህንኑ ጥያቄ መልሼው ነበር። በስህተት።

ለማስተርሴ ኒውዮርክ ግዛት፣ ተራራ ላይ ነበርኩ። ራትልስኔክ የሚባሉትን፣ ጅራታቸውን እንደ ቃጭል የሚያንቃጭሉትን መርዛም እባቦች ነው የማጠናው። (እናቴ በስልክ «እዚያ ድረስ የሄድከው እባብ ልትቆጥር ነው?» ብላ ሳምንት አኩርፋኛለች።) ጭንቅላታቸውን የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገብቼ እይዝና የሩዝ ፍሬ የምታክል ቺፕ ከቆዳቸው ስር እከታለሁ፤ ከዚያ ከቃጭላቸው ለሰውነታቸው የቀረበችውን ቀለበት ቀለም እቀባለሁ። አንዷን እርጉዝ ሰማያዊ ቀባኋት። ሐምሌን ሙሉ አንድ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አገኛት ነበር፤ ስም ላወጣላት ምንም አልቀረኝ። በዓመቱ የለችም። በሦስተኛውም የለችም። ሞታለች አልኩ። እሷን የመሰሉ ስድስት ሰባት እናቶችንም አብሬ ቀበርኩ።

አማካሪዬ ረቂቁን አንብቦ «ሬሳዋን አይተሃል?» ብቻ አለኝ። እኔ ደግሞ ገንዘቤ አልቋል፣ ቪዛዬ ሊያልቅ ነው። «ሞታለች» የሚለውን «ሳትሞት አልቀረችም» ብዬ አለዝቤ አስረከብኩ።

ከተመረቅሁ በኋላ በቦታዬ የገባው ልጅ ፎቶ ላከልኝ። ያው ድንጋይ፣ ያችው እባብ፣ እንደገና እርጉዝ። ቆዳቸውን በገፈፉ ቁጥር አዲስ ቀለበት በሰውነታቸው በኩል ይጨመራል፤ የኔዋ ሰማያዊ ወደ ኋላ ተገፍታ አምስተኛ ሆናለች። ደጋግሜ ቆጠርኳት።

በዚያ ብርድ አገር ሴቷ በየዓመቱ አትወልድም፣ ሦስት አራት ዓመት ትቆያለች። ስታረግዝ ደጅ ትውላለች፣ ከወለደች በኋላ ጫካ ገብታ ትጠፋለች። 100 እባብ ላይ ምልክት አድርጋችሁ በዓመቱ 30 ብታገኙ፣ የተረፉት 30 ብቻ ሆነው ሁሉንም አይታችሁ ይሆናል፤ ወይም 75 ተርፈው ከነሱ 40 በመቶውን ብቻ አይታችሁ ይሆናል። የስታቲስቲክስ ሊቃውንቱ ኮርማክ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ጆሊና ሴበር በ1965 ያወጡት ስሌት ሁለቱን የሚለየው ጠፍተው በተመለሱት ነው። በሦስተኛው ዓመት የተገኘች በሁለተኛውም በሕይወት ነበረቻ። ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ እኮ! እሱም ቢሆን ሁሉም እኩል የመታየት ዕድል አላቸው ብሎ ነው የሚነሳው፤ የኔ እርጉዞች ይህን አያውቁም።

እናንተ የዛሬ ልጆች ስሌቱን ኮምፒውተር ላይ በአምስት ደቂቃ ትጨርሱታላችሁ፣ ተራራ መውጣቱን ግን ትሸሻላችሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ያኔ ያ ሶፍትዌር እጄ ላይ ቢኖር እኔም ቢሮ ነበር የምውለው። ባዶ እጃችሁን የተመለሳችሁበትን ቀን መዝግቡ ብዬማ አልነግራችሁም።

ለልጅቷ እንዲህ ጻፍኩላት፦ ባልታዩበት ዓመት ዜሮ ጻፊ፣ «ሞታለች» የሚለውን ዓምድ ሰርዢው፣ ከቻልሽ አንድ ዓመት ጨምሪና ፈልጊያቸው።

ወዲያው መለሰች፦ «ጋሼ፣ በጀቱ እኮ ሰኔ ላይ ያልቃል።»