የተግባር ልምምዱ አለቀ፤ ከዚህ በኋላስ?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ስሆን የተግባር ልምምዴን ቡሬ አካባቢ በአንድ የሕንፃ ግንባታ ሳይት ጨርሼ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመልሻለሁ። ሪፖርቴንም አስረክቤያለሁ። ቀጣሪዎች ልምምድን እንደ ሥራ ልምድ አይቆጥሩትም ሲባል ስለምሰማ፣ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ እንዳይቀርብኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ የሰማሽው በከፊል እውነት ነው፤ ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሥራ ልምድ ሲሉ ከምረቃ በኋላ በደመወዝ የተሠራውን ማለታቸው ነው። ይሁን እንጂ «0 ዓመት» ተብለው በሚወጡ የጀማሪ መደቦች ላይ ሁሉም ተወዳዳሪ ዲግሪውን ይዞ ስለሚቀርብ፣ ሳይት ላይ የሠራሽውን በዝርዝር ማስረዳት መቻልሽ ከሌሎቹ ይለይሻል።

ስለዚህ ትዝታው ሳይደበዝዝ የዕለት መዝገብሽን አውጪና ያየሽውን ከሠራሽው ለይተሽ ጻፊ። «የኮንክሪት ሥራ ተከታትያለሁ» ማለት ለጠያቂው ምንም አይነግረውም። ከሙሌት በፊት የብረቱን አቀማመጥ ከንድፉ ጋር አመሳክረሽ፣ ስላምፕ (የትኩሱን ኮንክሪት የመቅጠንና የመወፈር ልክ) ለክተሽ፣ ለጥንካሬ ፍተሻ የኪዩብ ናሙና (በሳጥን ቅርጽ የተሞላ ኮንክሪት) ወስደሽ፣ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን የተገኘውን የጥንካሬ ውጤት መዝግበሽ ከሆነ ግን ይህንኑ በስሙ ጥቀሺው፤ የ7ኛው ቀን ውጤት ከተጠበቀው በታች የሆነበት ጊዜ ከነበረም መሐንዲሱ ምን እንደወሰነና ለምን እንደወሰነ ጨምሪበት፤ እኛ ጠያቂ ብንሆን አጥብቀን የምንጠይቅሽ እርሱን ነው። ያልሠራሽውን አታስገቢ፤ ሁለት ተከታታይ ጥያቄ ያጋልጠዋል።

የምስክርነት ደብዳቤውን አሁኑኑ ጠይቂ። ፕሮጀክት ሲያልቅ የሳይት መሐንዲሶች ወደ ሌላ ቦታ ስለሚዛወሩ፣ ከዓመት በኋላ የሚያውቅሽ ሰው ላታገኚ ትችያለሽ። የሠራሻቸውን ሥራዎች በአጭሩ ጽፈሽ ብትሰጪያቸው ደብዳቤው «ታታሪ ነበረች» ከማለት አልፎ ሙያሽን ይመሰክራል፤ ማህተምና ቀን እንዳይረሳም ተመልከቺ።

የመመረቂያ ጽሑፍሽንም ሳይቱ ላይ ካየሽው ችግር ብታነሺ እንመክርሻለን። ለምሳሌ ከተለያዩ ካባዎች (የማውጫ ቦታዎች) የሚመጣው አሸዋና ጠጠር በኮንክሪቱ ጥራት ላይ የሚያመጣው ለውጥ በቂ ርዕስ ነው። የድርጅቱን ሰነድና ፎቶግራፍ ለመጠቀም ግን አስቀድመሽ በጽሑፍ አስፈቅጂ፤ ውጤቱንም ስትጨርሺ አንድ ቅጂ ውሰጂላቸው።

ፎርማኑንም አትርሺ። በእንቁጣጣሽ ደውለሽ እንኳን አደረሰዎ በያቸው፤ ሥራ ሲፈለግ ብቻ የሚመጣ ስልክ ያስቀይማል፤ በየሳይቱ ሰው ሲፈለግም ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚሰሙት እርሳቸው ናቸው።