ጎማው ሙሉ፣ መብራቱ ቀይ፦ የከባድ መኪና ነጂዎች ጥያቄዎች

ክረምት ሲገባ በጉዞ ላይ ጎማን ራሱ የሚሞላው መሣሪያ ጣጣ ያበዛል። ከጎንደርና ከአካባቢው ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱን መርጫለሁ።

«ኮረኮንች ላይ ስገባ የማስጠንቀቂያው መብራት ይበራል፣ አስፋልት ላይ ይጠፋል። ጎማው ሲለካ አልጎደለም።» (ሹፌር፣ አዘዞ)

እንግዲያው ነፋሱን ትተው ሽቦውን ይፈልጉ። ጎማውን በታኮ ደግፈው ቁልፉን ይክፈቱ። ረዳትዎ መብራቱን ይመልከት፤ እርስዎ ሽቦው ከሻሲው ጋር በሚታከክበትና ወደ ተሳቢው በሚሻገርበት ቦታ ሁሉ በእጅዎ ያወዛውዙ። መብራቱ ብልጭ ሲል የያዙት ቦታ ላይ ነው ቁስሉ። ከጠገኑ በኋላ ከብረቱ አርቀው ካላሰሩት ተመልሶ ይላጣል።

«ጋሼ፣ የመሣሪያውን የነፋስ ቫልቭ ሶኬት ነቅዬ ስለካ 24 ቮልት አለ፤ ቫልቩ ግን አይከፍትም። አዲስ ቀየርንለት፣ ያው ነው።» (የጋራዥ ተለማማጅ፣ ጎንደር)

የባለመኪናው ገንዘብ አሳዘነኝ! ቴስተሩ አልዋሸህም፤ አለካክህ ነው የጎደለው። ሶኬቱ ሲነቀል በሽቦው የሚያልፍ ኤሌክትሪክ የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ከሽቦው ክሮች አንዱ ብቻ ቢተርፍ እንኳ ሙሉ 24 ቮልት ታያለህ። ቫልቩ መሳብ ሲጀምር ግን ቮልቱ የተበላሸው ቦታ ላይ ይቀራል። ሶኬቱን መልሰህ ሰካ፤ ቫልቩ እንዲከፍት ሲታዘዝ ከሶኬቱ ጀርባ ለካ። ከወረደ፣ መጀመሪያ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ቫልቩ መግቢያ፣ ቀጥሎ ከቫልቩ መውጫ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ለካ። ከግማሽ ቮልት በጣም የሚበልጥ ያነበብክበት መስመር ታሟል። እኔ ብሆን ከማሳው፣ ማለትም የኔጌቲቩ ሽቦ ከሻሲው ጋር ከሚታሰርበት ቦታ፣ እጀምራለሁ፦ ሻሲው ላይ ያለውን ብሎን ፈትቼ ብረቱ እስኪያበራ እፍቀዋለሁ። መሣሪያውን በሚያዘው ኮምፒውተር መስመር ላይ ደግሞ ባለ አምፖል መሞከሪያ እንዳትነካ፤ የሚስበው ኤሌክትሪክ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

«መኪናውን ካሳጠብኩ ወዲህ መሣሪያው ማለዳ አይሠራም፣ ረፋድ ላይ ይነሣል።» (ሹፌር፣ የመተማ መስመር)

ሶኬት ውስጥ ውኃ ገብቷል። ባትሪውን ፈትተው ሶኬቱን ይክፈቱ፣ አረንጓዴውን ዝገት ያጽዱ፣ ያድርቁ፤ የሶኬቱ የላስቲክ ማኅተም ከተሰነጠቀ ይለውጡት። አጣቢውንም የውኃውን ግፊት ሶኬት ላይ እንዳያነጣጥር ይቆጡት።

«ፊውዙ እየተቃጠለ አስቸገረኝ። ከፍ ያለ ላስገባ?» (ባለንብረት፣ ደባርቅ)

በፍጹም! ፊውዝ የሚመጠነው በሽቦው ውፍረት ልክ ነው፤ እሱ ካልተቃጠለ ሽቦው ይቃጠላል፣ ከዚያም መኪናው። ትክክለኛውን ፊውዝ አስገብተው የቫልቮቹን ሶኬቶች ይንቀሉ። ሁሉም ተነቅለው አሁንም ከተቃጠለ ሽቦው ብረት ነክቷል፤ ካልተቃጠለ አንድ በአንድ እየሰኩ ጥፋተኛውን ይለዩ። እስኪጠገን ድረስ ጎማውን ማለዳ፣ ሳይሞቅ፣ በእጅ መለኪያ ይለኩ።