አባቴ ትቶልኝ የሄደውን ሞተር ልሽጠው ወይስ ላስነሳው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የድሬዳዋ፣ የሳቢያን ነዋሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ 29 ነው። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። በሕይወት ዘመኑ አራት ሞተር ነድቷል፤ የመጨረሻው ያማሃ ዲቲ 175 እስከ ዛሬ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሶ ቆሟል። እናቴ «ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል፣ ሽጠው» ትለኛለች። አንድ መካኒክ ደግሞ «ቱ ስትሮክ (ዘይት ከቤንዚን ጋር አብሮ የሚያቃጥል ሞተር) ጊዜው አልፏል፣ ገንዘብህን አታፍስስበት» ብሎኛል። እኔ ለሥራ መመላለሻ ሞተር ያስፈልገኛል። እርስዎ ከአርባ ዓመት በላይ ድሬ ውስጥ ሞተር እንደነዱ በዚሁ ዓምድ አንብቤያለሁ። ከነዷቸው ሁሉ እንደገና ይግዙ ቢባሉ የትኛውን ይመርጣሉ? የአባቴንስ ምን ላድርገው?

መልስ፦ ልጄ፣ የአባትህን ነፍስ ይማር፣ እናትህንም ያጽናልህ። መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ዲቲውን አትሽጠው፣ ነገር ግን የየዕለት መመላለሻህ አታድርገው። ለምን እንደዚህ እንደምል እንዲገባህ የነዳኋቸውን አምስት ሞተሮች በየተራ ማንሳት ይኖርብኛል፤ ለአንተ የምመክረው ሁሉ ከእነርሱ የተማርኩት ነውና።

የመጀመሪያዋ ቬስፓ 150 ነበረች፤ በ1972 ዓ.ም. ጡረታ ሊወጣ ከተቃረበ የምድር ባቡር ሠራተኛ ላይ ገዛኋት። ቬስፓን የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የአውሮፕላን መሐንዲስ ስለነበረ፣ ጎማዋ እንደ አውሮፕላን ጎማ በአንድ ጎን ብቻ ተይዞ የሚቆም ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ዳዶ ፈትቶ መንገድ ዳር መቀየር ይቻላል፣ የፊቱና የኋላውም አንድ ዓይነት በመሆኑ አንድ ትርፍ ጎማ ለሁለቱም ይበቃል። በከዚራ የዛፍ ጥላ ሥር ከእርሷ የተሻለ መጓጓዣ አላውቅም ነበር። የደቻቱ ወንዝ ግን አልሆነላትም፤ በበጋ አሸዋውን አቋርጬ ወደ መጋላ ስሻገር ትንንሽ ጎማዎቿ ስለሚሰምጡ አብዛኛውን ጊዜ ወርጄ እገፋት ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ከሐረር ስመለስ የደንገጎ ቁልቁለት ላይ የደረሰብኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። በዚያች ቬስፓ ላይ ሞተሩን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀል ነው፤ ልኩ 2 በመቶ፣ ማለትም ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ነው። እኔ ቤንዚን ለመቆጠብ ብዬ ቁልቁለቱን የነዳጅ መስጫ እጀታውን ሙሉ በሙሉ ዘግቼ በሦስተኛ ማርሽ ለቀቅኳት። ነዳጅ ሲዘጋ ዘይቱም አብሮ ይዘጋል፤ ሞተሩ ግን በኋላው ጎማ እየተጎተተ በፍጥነት መዞሩን ይቀጥላል። ጥቂት እንደ ወረድኩ ድምፁ ቀጠነ፣ ፉጨት የመሰለ ነገር ሰማሁ፣ ወዲያው የኋላው ጎማ ቀጥ አለ። ግራ እጄ ፍሪሲዮኑ ላይ ስለነበረ ጨበጥኩት፤ ጎማው ተላቀቀና የመንገዱ ዳር ጠጠር ላይ እየተንሸራተትኩ ቆምኩ። ሲሊንደሩ ሲከፈት የፒስቶኑ ጎን በጥፍር የተቧጨረ ይመስል ነበር፤ ፋሻው፣ ማለትም የፒስቶኑ ቀለበት፣ ከማረፊያው ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ብሏል። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የሞተሯ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚጠጣ ሞተር ይዤ ቁልቁለት ስወርድ በየመሐሉ ፍሪሲዮኑን ጨብጬ ነዳጅ ጠቅ ሳላደርግ አላልፍም።

ሁለተኛው ከአባትህ ሞተር ጋር አንድ ዓይነት ነው። በ1982 ዓ.ም. ከአንድ የዕርዳታ ድርጅት ጨረታ ላይ ዲቲ 175 አነሳሁ። ያማሃ በፈረንጆች 1964 ሥራ ላይ ባዋለው ዘዴ መሠረት ዘይቱ የራሱ ማጠራቀሚያ አለው፤ አንዲት ትንሽ ፓምፕ የሞተሩን ፍጥነትና የሚሰጠውን ነዳጅ እየተከተለች ዘይቱን መጥና ትልካለች። እኔን ደንገጎ ላይ ያስቸገረኝ ነገር በዚህ ዘዴ እጅግ ይቀንሳል፤ ነዳጅ ቢዘጋም ፓምፗ ከሞተሩ ጋር ስለምትዞር ጥቂት ዘይት መላኳን አታቋርጥም። የፊት ጎማው 21፣ የኋላው 18 ኢንች ስለሆነ ደቻቱን ሳልወርድ መሻገር የጀመርኩት በእርሱ ነው። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ከመልካ ጀብዱ እስከ ባቢሌ ያልደረስኩበት ጥርጊያ መንገድ ጥቂት ነው። ከኋላዬ ባለቤቴ፣ ከፊቴ ሰርባቶዮው (የቤንዚን ታንኩ) ላይ ትንሹ ልጄ ተቀምጦ የሄድንበትም ጊዜ አለ፤ ዛሬ ማንም እንዲህ ሲያደርግ ባይ አስቁሜ እቆጣዋለሁ።

በ1996 ዓ.ም. የቤት ወጪ ሲከብደኝ ሸጥኩት። ገዢው ይነዳዋል ብዬ ነበር፤ እርሱ ግን ፈታትቶ ለመለዋወጫ ቸረቸረው። ከጥቂት ወራት በኋላ በአንድ የዕቃ መሸጫ ደጃፍ ሳልፍ ሰርባቶዮው በሽቦ ተንጠልጥሎ አየሁት። ልጄ ፊደል በሚማርበት ዓመት በምስማር የጫረው «ሀ» በቀኝ ጎኑ ላይ ነበረ። ዋጋውን ጠይቄ፣ ኪሴ ውስጥ ያልነበረ ገንዘብ ሆኖብኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ በማግስቱ ስመለስ ተሽጧል። «አትሽጠው» የምልህ ከዚህ የተነሳ ነው።

ሦስተኛው ሆንዳ ሲጂ 125 ነበር። ይህ ሞተር በፈረንጆች 1976 የወጣው፣ ብዙ ጭነት በሚጫንባቸውና ጥገና በወቅቱ በማይደረግባቸው አገሮች እንዲሠራ ታስቦ ነው፤ ካቴናው በሽፋን ውስጥ ስለሚሄድ አቧራ አያገኘውም፣ የቫልቩም አሠራር ቀላል ነው። ከእኔ ጋር የቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ሌሊት በወጣ ጊዜ ወንዙ አጠገብ ካለ የወዳጄ ግቢ ውኃው ወሰደው። ብዙ ቤተሰብ ሰው የቀበረበት ሌሊት ነውና ስለ ብረቱ ከዚህ በላይ አልናገርም።

አራተኛው ስሙን የማልጠራው ርካሽ አዲስ ሞተር ነበር። የሞተሩ አሠራር ከላይ ካነሳሁት ሆንዳ የተቀዳ በመሆኑ እርሱ አላስቸገረኝም፤ ነገር ግን የተበየደው ብረት በዓመቱ ሲሰነጠቅ፣ የጎማው ራጂ ሲላላ፣ ኩሽኔታው ሲጮህ ሰባት ዓመት ከጋራዥ ጋር ተጋባሁ። አዲስ ዕቃ በተመለከትክ ጊዜ ቀለሙንና መብራቱን ሳይሆን ብየዳውን በጣትህ ዳብሰው፤ ያልተስተካከለና ቀዳዳ የበዛበት ብየዳ ካለው ተወው።

አምስተኛው በ2006 ዓ.ም. የገዛሁት፣ ዛሬም የምነዳው የህንዱ ባጃጅ ቦክሰር 150 ነው። ስለ እርሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጠዋት ይነሳል፣ ማታ ይመልሰኛል፣ የፍሬን ሸራና ፍሪሲዮን ድሬ ውስጥ በቀላሉ ይገኝለታል። ለሥራ መመላለሻ ግዛ የምልህ እንዲህ ያለውን፣ ዘይት የማያቃጥል፣ ዕቃው በሰፈርህ የሚገኝ ፎር ስትሮክ ነው። መካኒክህ በዚህ በኩል እውነቱን ነው፤ በየዕለቱ በዲቲ ብትመላለስ የቱ ስትሮክ ዘይት ዋጋና የመለዋወጫው ፍለጋ ያደክምሃል። እንደገና ይግዙ ብባል ምን እንደምመርጥ ለጠየቅከኝ ግን፣ የምናፍቀው ያንን ዲቲ ነው፤ እርሱን ለማግኘት ደግሞ እኔ ገንዘብ ይዤ መፈለግ ሲኖርብኝ አንተ ከግቢህ አለህ።

አሁን ስለ ማስነሳቱ። ከሁሉ አስቀድሞ ፔዳሉን እንዳትረግጠው። ሁለት ዓመት የቆመ ሞተር ሲሊንደሩ ደርቋል፤ ደርቆ ሲረገጥ ፋሻው ግድግዳውን ይፍቀዋል። ካንዴላውን ፍታና በቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ የቱ ስትሮክ ዘይት ጨምር፣ አንድ ሌሊት አሳድረው፣ በማግስቱ ካንዴላው እንደ ተፈታ ፔዳሉን በእጅህ ቀስ እያልክ አዙረው። ከዚያ ያረጀውን ቤንዚን ከሰርባቶዮው ሙሉ በሙሉ ድፋው፣ ካርቡራቶሩን አስፈትተህ አጽዳው፤ የቆየ ቤንዚን ሲደርቅ እንደ ሙጫ ሆኖ ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሽ የነሐስ ቀዳዳ ስለሚደፍናት ሞተሩ ቢነሳም ነዳጅ ያጥረዋል።

በጣም የምለምንህ ስለ ዘይት ፓምፗ ነው። ማጠራቀሚያው ባዶ ሆኖ ከነበረ ቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል፤ አዲስ ዘይት ብትሞላም አየሩ እስኪወጣ ድረስ ወደ ሞተሩ አይደርስም። ስለዚህ ፓምፗ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ፈትተህ አረፋ የሌለው ዘይት እስኪወርድ ጠብቅ፣ ይህንንም አድርገህ የመጀመሪያውን ታንክ ቤንዚን እንደ ቬስፓ ዘይት ቀላቅለህበት ንዳ። ከመጠን በላይ ዘይት ጭስ ያበዛል፣ ካንዴላ ያጠቁራል፤ የዘይት እጥረት ግን አባትህ የተወልህን ፒስቶን በደቂቃዎች ይጨርሰዋል።

ሲነሳ ጆሮህን ስጠው። ነዳጅ ሳትሰጠው ሚኒሞው ራሱን በራሱ እየጨመረ ከሄደ፣ የክራንኩ ጎንና ጎን ያሉት የዘይት መከላከያ ጎማዎች ደርቀው አየር እያስገቡ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው አጥፋው፤ ነጭ ጭስ ሳያቋርጥ የሚያወጣና የማርሽ ዘይቱ የሚጎድል ከሆነም እነዚያኑ ጎማዎች ተጠራጠር። ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ከባዱ ሥራው ነውና ቱ ስትሮክ የሚያውቅ ሽማግሌ መካኒክ ፈልግ። ጎማውንም ጥርሱ ስላለ ብቻ አትመነው፤ ጎኑ ላይ ካሉት አራት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የፈረንጅ ዓመቱን ያመለክታሉ። በድሬ ፀሐይ የከረመና ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ከነካላማዳሪው መቀየር አለበት።

ሊብሬው እስካሁን በአባትህ ስም ከሆነ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥተህ ስሙን አዙር፤ ይህ ሳይሆን መንገድ አትውጣ። እናትህን በተመለከተ፣ ሸራ ለብሶ የቆመ ነገር ቢያስለቅሳት አልፈርድባትም፤ ሲነሳ ግን እርሷ ባለችበት ይሁን። ባለቤቷ ሲገባ ከበር የምትሰማው ድምፅ ስለሆነ፣ ከሰማችው በኋላ አሁንም ይሸጥ ካለች ያኔ የእርሷን ቃል አክብር፤ ለሚነዳው ሰው ሽጠው እንጂ ለሚፈታው አትስጠው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ሐረር ሸዋ በር አካባቢ እኖራለሁ። ከሁለት ሞተር በኋላ ሦስተኛዬን፣ ባለ 125 ፎር ስትሮክ፣ በቅርቡ ከድሬዳዋ ገዛሁ። ድሬ ላይ ጥሩ ይሄዳል፤ ደንገጎን ስወጣና ሐረር ስገባ ግን ጉልበቱ ይወርዳል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል። የቀድሞዎቹ እንዲህ አላደረጉኝም። መካኒኩ ሞተሩ ይከፈት ይላል። በሳምንት አንድ ቀን ወደ ድሬ እወርዳለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ አያስከፍቱት። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከል ደንገጎ ሲወጣ መንገዱ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ከፍ በተባለ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ ካርቡራቶሩ ግን ለድሬ አየር የተመጠነውን ያህል ቤንዚን መስጠቱን ስለሚቀጥል የተረፈው ቤንዚን በጥቁር ጭስ ይወጣል። የቀድሞ ሞተሮችዎ ምናልባት ሐረር ላይ የተስተካከሉ ነበሩ። ካንዴላውን አስፈትተው ይመልከቱት፤ ደረቅ ጥቀርሻ ካለበት ነገሩ ይህ ነው፣ በዘይት የራሰ ከሆነ ግን ፋሻው ሊሆን ስለሚችል መካኒኩ ይከፈት ማለቱ ትክክል ነው።

አስቀድመው የአየር ማጣሪያውን ያጽዱ፤ የድሬ አቧራ የደፈነው ማጣሪያ ይህንኑ ጭስ ያመጣል። ካልተስተካከለ በካርቡራቶሩ መርፌ ላይ ያለችው ቅንጥብ አንድ ጭረት ወደ ላይ ትውጣ፤ ያኔ መርፌው ዝቅ ብሎ የሚገባው ቤንዚን ይቀንሳል። ከዚያ በላይ እንዲቀነስ ግን አይፍቀዱ። በሳምንት አንድ ቀን ወደ ድሬ ሙቀት የሚወርዱ ከሆነ ሐረር ላይ በጣም የተቀነሰ ካርቡራቶር እታች ሲደርስ ቤንዚን አጥሮት ሞተሩን ያግለዋል፤ ደንገጎ ላይ ጥቂት ጭስ መታገሥ ከዚያ ይሻላል። ሲወርዱም በፍሬን ብቻ ይዘው አይውረዱ፤ ሸራው ሲግል መያዙን ይተዋልና ገና ከአፋፉ ላይ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው ሞተሩ ራሱ ይያዝልዎት።